የኮሶ ነገር

ኮሶ አማርኛ ውስጥ ሦስት ነገር ነው። ዛፉ ኮሶ ነው። ከዛፉ አበባ የሚዘጋጀው መድኃኒት ኮሶ ነው። መድኃኒቱ የሚያስወጣው ትልም ያው ኮሶ ነው። "ኮሶ አለብኝ" እንላለን፤ "ኮሶ ጠጣሁ" እንላለን፤ "ኮሶ ወጣልኝ" እንላለን። በሽታን በመድኃኒቱ ስም መጥራት እንግዳ ነገር ነው። ወባን "ኪኒን ያዘኝ" ብለን አንጠራም፤ ራስ ምታትንም "አስፕሪን አለብኝ" አንልም። ኮሶ ላይ ስንደርስ ግን መድኃኒቱና በሽታው እንደ ባልና ሚስት በአንድ ስም ይጠራሉ። በዚያ ላይ የመረረ ነገር ሁሉ "ኮሶ" ይባላል። ፊቱን ያጨማደደ ሰው "ኮሶ የጠጣ ይመስላል" ተብሎ ይታማል።

እኔ ይህን የስም ነገር ሳስበው የአገራችንን የአንድ ረጅም ዘመን ጠባይ የሚናገር ይመስለኛል። ትሉን ማስወጣት እናውቃለን፤ መጥቶ እንዳይገባ ማድረግ ግን እምብዛም አላሰብንበትም። ይህ ጠባይ ለኛው ኮሶ ብዙ ጉዳት ሳያመጣ ኖሯል። ሌላ ኮሶ፣ ማለትም የአሳማው፣ በመጣባቸው አገሮች ግን ምን እንዳደረሰ ታሪክ መዝግቦታል። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ይህንን ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

ድሮ ኮሶ መጠጣት የድሃ ወይም የሀብታም፣ የከተሜ ወይም የባላገር ነገር አልነበረም። ሰው በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ይጠጣ ነበር። የሴቴዋ ዛፍ ቀላ ያለ አበባ ይለቀማል፤ ይደርቃል፤ ይወቀጣል። ከዚያ በውሃ ወይም በጠላ ይበጠበጥና በጠዋት በባዶ ሆድ ይጨለጣል። ያቅለሸልሻል፣ ያስቀምጣል፣ ጉልበት ይከዳል። መጠኑ ከበዛ ዓይን እስከማጥፋት የሚደርስ መድኃኒት ነው፤ ሰው የገደለበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ ኮሶ የሚጠጣበት ቀን ሥራ አይሠራም። አሽከር ፈቃድ ይጠይቅበታል። ጌታ ደግሞ እንግዳ ላለማነጋገር ይደበቅበታል። "ጌታው ኮሶ ጠጥተዋል" ከተባለ ባለጉዳዩ ሌላ ጥያቄ ሳያነሳ ይመለሳል። እንዲያው ለነገሩ ዛሬ "ስብሰባ ላይ ናቸው" የሚባለው የዚያ የልጅ ልጅ ሳይሆን አይቀርም።

ኮሶ ብቻም አልነበረም። እንቆቆ አለ፣ መተሬ አለ፣ የዱባ ፍሬ አለ። ኮሶ የከበደው ወደ እነዚህ ይዞራል። ሁሉም ግን ሥራቸው አንድ ነው፤ ትሉን አደንዝዞ ማውረድ። አያቶቻችን ትሉ ተቆርጦ ወጥቶ ጭንቅላቱ ከቀረ ተመልሶ እንደሚያድግ ያውቁ ነበር። ይህ እውቀት ትክክል ነው፤ የዛሬ ሐኪምም የሚለው ይህንኑ ነው።

ጄምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ በ1770 ጎንደር ሲገባ ይህ ልማድ ጠብቆት ነበር። ብሩስ አገሩ ተመልሶ በ1790 የጉዞ መጽሐፉን በአምስት ቅጽ አሳተመ። በአምስተኛው ቅጽ የኮሶን ዛፍ ከነሥዕሉ አስተዋወቀ፤ የወዳጁን የጆሴፍ ባንክስን ስም መታሰቢያ አድርጎም ሰጠው። ግን ባንክሲያ የሚባል ስም ቀድሞ ለአንድ የአውስትራሊያ ተክል ተሰጥቶ ነበርና አልጸናም። በዓመቱ፣ በ1791፣ ግሜሊን የተባለ ጀርመናዊ ሀገን በሚባል የመድኃኒት ቀማሚ ስም "ሀገኒያ" አለው፤ እስከ ዛሬም የሳይንስ ስሙ ሀገኒያ አቢሲኒካ ነው። ይኸው ብሩስ፣ ሐበሻ ከቆመች ላም ሥጋ ሲቆርጥ አየሁ ብሎ ሲጽፍ የአገሩ ሰው ውሸታም ብሎ ስቆበታል። በኮሶው ግን የሳቀ የለም። ፈረንጅም ትል ነበረበታ!

በ1820ዎቹ ቁስጥንጥንያ ይኖር የነበረ ብራየር የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ኮሶ ትል ሲያስወጣ አይቶ ለፓሪስ ሰዎች ጻፈ። ለሱም ክብር ሌላ ሳይንቲስት ዛፉን "ብራየራ" ብሎ ሰየመው። የዛፉ ባለቤት ሐበሻ ሆኖ ስሙን የሚሻሙት ፈረንጆች መሆናቸውን ልብ በሉልኝ። ብቻ ኮሶ አውሮፓ ገባ። በ1864 በወጣው የእንግሊዝ ይፋዊ የመድኃኒት መዝገብ ውስጥም ተጻፈ። ከጎንደር ገበያ ተነስቶ የለንደን መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ መቀመጥ ቀላል ነገር አይደለም።

የጎንደርን ገበያ ካነሳን አንድ ታሪክ ሳልናገር አላልፍም። ኋላ አጼ ቴዎድሮስ የሆኑት ካሳ ኃይሉ ገና ሽፍታ ሳሉ ጠላቶቻቸው የሚሰድቧቸው "የኮሶ ሻጭ ልጅ" እያሉ ነበር። እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ችግር ላይ በወደቁ ጊዜ ኮሶ ይሸጡ ነበር ይባላል። ደጃዝማች ወንድይራድ የሚባለው የእቴጌ መነን የጦር አበጋዝ ያንን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ፎክሮ ወጣ። ጦርነቱ ግን ወደ ካሳ አዘነበለ፤ ወንድይራድ ራሱ ተማረከ። ካሳም እናቴ ገበያ ሳይቀናት ቀርቶ የተረፈ ኮሶ አለ ብለው፣ ፎካሪውን ኮሶውን ግተው አጠጡት ተብሎ እስከ ዛሬ ይተረካል። እኔ በዚህ ተረክ ውስጥ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ስድቡ ነው። ኮሶ የማይጠጣ ሰው በሌለበት አገር፣ ራሱ ተሳዳቢው በየሁለት ወሩ ኮሶ እየጨለጠ፣ ኮሶ መሸጥ ግን ነውር ነበር! የሚያድነንን ሰው የመናቅ ልማዳችን የቆየ ነው።

ካሳ ኃይሉ ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት በ1855 ነው። በዚያው በ1855 ጀርመን አገር፣ ሳክሶኒ ውስጥ፣ ኩክንማይስተር የሚባል ሐኪም ስለዚሁ ትል ጉዳይ ሌላ ነገር እያደረገ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሳማ ሥጋ ውስጥ አንዳንድ ጊዜ ሩዝ ወይም አተር የምታክል፣ ውሃ ያዘለች ነጭ ከረጢት ትገኛለች። ይህቺን ከረጢት የጥንት ግሪኮችም ያውቋት ነበር፤ የሰማይ በረዶ ስለምትመስል "በረዶ" ይሏት ነበር። አርስቶትል ጽፎባታል። የአሳማ ነጋዴ የአሳማውን አፍ ከፍቶ ምላሱ ሥር "በረዶ" መኖር አለመኖሩን ያይ ነበር። እስከ 19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ ግን በአሳማው ሥጋ ውስጥ ያለችው ከረጢትና በሰው አንጀት ውስጥ ያለው ረጅም ትል አንድ ፍጥረት መሆናቸውን ያረጋገጠ ሰው አልነበረም። ትሉ ከሰው ሆድ በራሱ ይፈጠራል የሚሉም ነበሩ።

ኩክንማይስተር ይህን ለማረጋገጥ ሞት የተፈረደበት እስረኛ ላይ ሞከረ። መገደያው ቀን ሳይደርስ ከአሳማ ሥጋ ያወጣቸውን ከረጢቶች በሾርባና በቋሊማ አድርጎ አበላው። ሰውየው ከተገደለ በኋላ አንጀቱ ሲከፈት ትናንሽ ትሎች ተገኙ። በ1860 ደግሞ ረዘም ያለ ጊዜ ሰጥቶ በሌላ ፍርደኛ ላይ ደገመው፤ ካበላቸው ከረጢቶች ግማሽ ያህሉ ትል ሆነው ተገኙ፤ ከነሱም አንድ ሜትር ተኩል የደረሰ ነበረበት። በዘመኑም ቢሆን ይህን ሥራ ያወገዙ ነበሩ፤ ልክ ነበራቸው። እውቀቱ ግን ቀረ። በ1861 ደግሞ ሎይካርት የሚባል ሌላ ጀርመናዊ የኛን ዓይነቱን ኮሶ ቁራጭ ለጥጃ አብልቶ በጥጃው ሥጋ ውስጥ ከረጢቶቹን አገኘ። አዙሪቱ ታወቀ፤ ከሰው ወደ ሣር፣ ከሣር ወደ በሬ፣ ከበሬ ወደ ሰው።

ይህን አዙሪት ይዘን ወደ ኮሶ ጠጪው አያታችን እንመለስ። አያታችን ኮሶውን በጠዋት ጨለጠ። ከዚያስ የት ሄደ? ሽንት ቤት በሌለበት ዘመን ሜዳ ወጣ፤ ከቁጥቋጦ ሥር ተቀመጠ። ስንት ሺህ እንቁላል ያዘለውን ትል እዚያው ሣሩ ላይ ጥሎ "እፎይ" ብሎ ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ የጎረቤት ከብት መጥቶ ያንን ሣር ጋጠ። ለበዓል በሬው ታረደ፤ ብሩንዶው ቀረበ። በሁለተኛው ወር አያታችን እንደገና ኮሶ አስወቀጠ። እንግዲህ መድኃኒቱ ራሱ ትሉን በደንብ አሰራጨው ማለት ነው። ሆዱን አጸዳ፤ መንደሩን ዘራበት።

የኛ ኮሶ፣ ቴኒያ ሳጂናታ የሚሉት፣ እንግዲህ የከብቱ ነው። ሰው ላይ የሚያደርሰው ችግር ከሆድ ቁርጠት፣ ከማቅለሽለሽ፣ ከዚያች የዱባ ፍሬ ከምትመስል ተንቀሳቃሽ ቁራጭ ሐፍረት እምብዛም አያልፍም። ለዚህ ነው የምንቀልድበት። የአሳማው፣ ቴኒያ ሶሊየም የሚባለው፣ ግን አንድ ክፉ ጠባይ አለው። የከብቱ ኮሶ እንቁላል ሰው አፍ ቢገባ ምንም አይሆንም። የአሳማው ኮሶ እንቁላል ሰው አፍ ከገባ ግን ሰውየውን እንደ አሳማ ይቆጥረዋል። አንጀቱን በስቶ ከደሙ ጋር ይጓዛል፤ በጡንቻው፣ በዓይኑ፣ ከሁሉም የከፋው በአንጎሉ ውስጥ ያቺን ከረጢት ይሠራል። አንጎሉ ውስጥ የተቀመጠችው ከረጢት ከጊዜ በኋላ ስትሞት ቁጣ ታስነሳለች፤ ያኔ ሰውየው ወድቆ ይንፈራገጣል። የሚጥል በሽታ ማለት ነው። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ከሆነ አሳማ ተለቆ በሚረባባቸው፣ ትሉም በሰፈረባቸው ብዙ አገሮች ከሚጥል በሽታ 30 በመቶ ያህሉ መነሻው ይኸው ነው።

ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የአሳማ ሥጋ በደንብ ሳይበስል የበላ ሰው የሚያገኘው የአንጀት ትል ነው። የአንጎሉ በሽታ የሚመጣው ግን ከሥጋው ሳይሆን ከእንቁላሉ ነው፤ እንቁላሉ ያለው ደግሞ ትሉ ያለበት ሰው ዓይነ ምድር ውስጥ ነው። ባጭሩ አንዱ ሰው ይበላል፤ ሌላው ሰው ይወድቃል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በደንብ የሚያሳየን ከኛ በጣም የራቀ አገር ታሪክ ነው። የኒው ጊኒ ደሴት ምዕራባዊ ክፍል፣ ፓፑዋ፣ ከ1963 ጀምሮ በኢንዶኔዥያ አስተዳደር ሥር ነው። በደጋማው ክፍል፣ በፓኒያይ ሐይቆች ዙሪያ፣ ኤካሪ የሚባሉ ሕዝቦች ይኖራሉ። ለነሱ አሳማ እንደኛ በሬ ነው ብል ያንሳል። ጥሎሽ በአሳማ ነው፣ ካሣ በአሳማ ነው፣ ድግስ በአሳማ ነው። ሆኖም የአሳማ ኮሶን አያውቁትም ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከባሊ ደሴት አሳማዎች በመንግሥት ስጦታነት መጡላቸው። ስጦታ ነውና በደስታ ተቀበሉት። ከአሳማዎቹ ጋር፣ ምናልባትም በዚያን ጊዜ ወደ አካባቢው ከመጡ ሰዎች ጋር፣ ትሉ አብሮ ገባ።

ኤካሪዎች የአሳማ ሥጋ የሚያበስሉት በጋለ ድንጋይ ነው፤ መሐሉ ሳይበስል ይቀራል። ሽንት ቤት የለም፤ አሳማው መንደሩ ውስጥ እንደ ልቡ ይዞራል። ለትሉ ከዚህ የተሻለ አገር ከየት ይገኛል? ጥቂት ዓመት ሳይቆይ በአካባቢው ያለው የኤናሮታሊ ሆስፒታል ሐኪሞች አንድ ያልለመዱት ነገር ገጠማቸው። በእሳት የተቃጠለ ሰው በዛ። አንዱ እጁ፣ ሌላው እግሩ፣ ሌላው ፊቱ አሯል። ደጋው ብርድ ነው፤ ሰው ሌሊት ቤቱ መሐል እሳት አንድዶ በዙሪያው ይተኛል። የሚጥለው ሰው በእንቅልፉ ይንፈራገጥና እሳቱ ውስጥ ይገባል፤ ራሱን ስለሳተ አይወጣም። የቃጠሎ ወረርሽኝ የመሰለው የአንጎል ትል ወረርሽኝ ነበር። የ1976 የኖቤል ተሸላሚ የሆነው ካርልተን ጋይዱሴክ በ1978 ይህንኑ ጽፎ ዓለም አወቀው። የኤካሪ ሰዎች ግን ከጋይዱሴክ በፊት በሰውነታቸው አውቀውታል።

"እኛ አሳማ አንበላ፤ ምን አገባን?" የሚል አንባቢ አይጠፋም። ኢትዮጵያ ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በዚህ አንድ ነውና ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ከኒውዮርክ እናገኘዋለን። በ1990 እና በ1991 ብሩክሊን አካባቢ በሚኖሩ አጥባቂ አይሁዶች ዘንድ፣ በማይዛመዱ ቤተሰቦች ውስጥ፣ አራት ሰዎች ላይ ይህ የአንጎል በሽታ ተገኘ። አይሁድ ናቸው፤ አሳማ በቤታቸው ደጃፍ አያልፍም። ምርመራው በ1992 ሲታተም የተደረሰበት ነገር፣ በቤቶቹ ውስጥ ትሉ ካለባቸው የላቲን አሜሪካ አገሮች የመጡ የቤት ሠራተኞች መኖራቸው ነበር፤ ከነሱም ትሉ የተገኘባቸው ነበሩ። እነዚያ ሠራተኞች ማንንም ለመጉዳት አላሰቡም፤ በሆዳቸው ትል መኖሩንም አያውቁም። ሐኪም ዘንድ ያቀረባቸው ሰው አልነበረም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

አንዳንድ ሰዎች ደግሞ ኦሪት አሳማን የከለከለችው ይህን ትል አውቃ ነው ይላሉ። ይህ አባባል ለኔ አይዋጥልኝም። ሰኮናው የተሰነጠቀው፣ የሚያመሰኳው፣ ኦሪት የፈቀደችው በሬም ኮሶ አለበት፤ እኛ ምስክር ነን። ሕጉ የእምነት ሕግ ነው፤ በእምነትነቱ ይከበር። ከትል ይጠብቀናል ብለን ከተኛን ግን የብሩክሊኖቹ ሰዎች የደረሰባቸው ይደርስብናል።

ደግሞስ አሳማ አገራችን የለም ያለው ማን ነው? በአዲስ አበባና በቢሾፍቱ ዙሪያ አሳማ የሚያረቡ ሰዎች አሉ፤ የሚገዟቸውም አሉ። እኔ ይህን ሥራ አልነቅፍም፤ ሰው ሠርቶ ይብላ። አሳማው በበረት ከተያዘ፣ የሰው ዓይነ ምድር ካላገኘ፣ ቄራ ላይ በባለሙያ ከታየ፣ ሥጋውም በደንብ ከበሰለ ትሉ መንገድ የለውም። ችግሩ እንስሳው አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ያ አያታችን ሜዳ የወጣበትን ልማድ ሳንተው ሌላ እንስሳ ሜዳው ላይ ስንለቅበት ነው። የከብቱ ኮሶ ይህን ጥፋታችንን ለዘመናት በሆድ ቁርጠት ብቻ አልፎልናል። የአሳማው አያልፍልንም።

ከፓፑዋው ታሪክ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን እሳቱ ነው። ምክንያቱም ያ እሳት እኛም ቤት አለ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው በገጠር ቤት ምድጃ ላይ መውደቁ ለኛ እንግዳ ወሬ አይደለም። ቡታጅራ ላይ ተደርጎ በ1990 የታተመው ጥናት ከ1000 ሰው 5.2 ያህሉ ይህ በሽታ እንዳለበት አሳይቷል። የኛ በሽተኞች ምክንያቱ ብዙ ነው፤ በወሊድ ጊዜ የደረሰ ጉዳት፣ የጭንቅላት አደጋ፣ ልዩ ልዩ ሕመም። ይሁን እንጂ የወደቀው ሰው ሲቃጠል ቆሞ የሚያይ ሰው ያለን መሆኑ ያሳፍራል። "ከነካሁት ይተላለፍብኛል" ይላል። ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ይይዛል እንጂ ከእሳቱ አይጎትተውም። የሚጥል በሽታ በመንካት አይተላለፍም፤ በለሐጭም አይተላለፍም። የአሳማው ኮሶ እንኳ፣ ይህን ሁሉ ክፋት ይዞ፣ የሚተላለፈው ከወደቀው ሰው አይደለም። የሚተላለፈው ቆሞ ከሚሄደው፣ ምንም ከማያመው፣ ከሽንት ቤት ወጥቶ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ ከሚያጎርሰን ሰው ነው። እኛ የምንፈራው ሌላውን፣ የሚያስፈራው ሌላው!

ዛሬ የኮሶ መድኃኒት ከፋርማሲ የሚገዛ ክኒን ሆኗል፤ ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል የአበባውን ቦታ ወስደዋል። እንደ ድሮው ዓይን አያጠፋም፣ ቀን አያስተኛም። ጥሬ ሥጋ ወዳጆችም "ክኒን አለ" ብለን ቁርጡን እንቀጥላለን። እኔ ቁርጥ ይቅር የሚል ስብከት ውስጥ አልገባም፤ የሚሰማኝም የለም። ይልቅ ልመናዬ ሌላ ነው። ሥጋውን ቄራ የታረደና የታየ መሆኑን ጠይቃችሁ ብሉ። ክኒኑን የምትውጡ ሰዎች ሽንት ቤት ተጠቀሙ። ሽንት ቤት የሌለው ጎረቤት ካላችሁ እንዲቆፍር አግዙት፤ የሱ ጉድጓድ የናንተን ልጅ ያድናል። ቤታችሁ የምትሠራውን ልጅ ሐኪም ቤት ስትወስዷት ለራሳችሁ ብላችሁ ሳይሆን ለሷም ብላችሁ ይሁን። መንገድ ላይ የወደቀ ሰው ስታዩ ደግሞ ክብሪቱን ኪሳችሁ ውስጥ ተዉት፤ ከእሳትና ከመኪና አርቃችሁ፣ በጎኑ አስተኝታችሁ፣ እስኪነቃ አጠገቡ ቁጭ በሉ።